ቀዳዳ

ቀዳዳ ፈላጊ ነኝ፤ እንጀራዬ ይኸው ነው፤
ፍራንኮ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ቆርቆሮ ደጃፍ ያለው።

የጅቡቲ መኪና ተንፍሶ ሲመጣ፣
ካላማዳሪውን ከጎማው ሳወጣ፣
ነፍቼ ነፍቼ ሳፋ ውስጥ እነክራለሁ፤
እያዞርኩ፣
እያዞርኩ፣
አረፋውን እጠብቃለሁ።
«ውኃ አይዋሽም» እለዋለሁ ኦብሳን፣
«ታገሠው እንጂ፤ ይነግርሃል ስፍራውን።»
ኦብሳ በኦሮምኛ ትዕግሥት ማለት ነው፤
ልጁ ግን ችኩል ነው፣ ገና አሥራ ስድስቱ ነው።

ከጓሮ ሰባ ሁለት ጎማ አለኝ፣ የተከመረ፣
ያለቀ፣ የተላጠ፣ ሽቦው የተዘረዘረ፤
በረባሶ ሠሪው ይመጣል እያልኩ ያቆየሁት፣
ቆራሌው ሲጠራ «ዋጋ ጨምር» ብዬ የከለከልኩት።

ከጎማው ጎን ቱቦ፤
ቱቦው ውስጥ የሰፈሩ ጉድ፦
ፌስታል፣ የጫት ገረባ፣ የሃይላንድ አንገት፣
ዳይፐር፣ ግማሽ ጀሪካን፣ ጥንዱ የጠፋ ጫማ።
የቅዳሜው የቆሻሻ ጋሪ ቅዳሜ ሳያልፍ ሲቀር
ማታ፣ መብራት ሲጠፋ፣
እያንዳንዳችን «የእኔ አንዲት ፌስታል ምን ታመጣለች» ብለን የጣልነው።
እኔም ጥያለሁ።

ሐምሌ ገባ። አዳማ፣ በአቧራዋ የምታውቋት፣
አንድ ሌሊት ሙሉ ጎርፍ ወረደባት።
ከተራራው መጥቶ ቱቦውን ቢያንኳኳ
ቱቦው አፉ ሙሉ ነው፤ ጓሮዬ ገባ ሳያንኳኳ።
በማግስቱ ፀሐይ። መሬቱ ደረቀ፤
ሰባ ሁለቱ አፎች የጎረሱትን ግን ማን ጠየቀ?

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከኦብሳ እጅ ቁልፉ ወደቀ።
ከዓይኑ ጀርባ አመመው፤ ገላው እንደ ሞተር ጋለ፤
«ጋሼ፣ አጥንቴን ብሎን በብሎን የሚፈታኝ ሰው አለ» አለ።
ወባ ነው አልን። ደሙ ታየ፤ ወባ የለበትም።
ሦስት ቀን አጎበር ውስጥ ተኛ፤ ምንም አልጠቀመም።

እልፌ መጣች ከጤና ጣቢያ፣ እስከ ባቷ ጭቃ፣
ባትሪና ነጭ ጭልፋ ይዛ።
ሰላምታዋን ሳትጨርስ ጓሮ ገብታ አጎነበሰች፤
ከአንዱ ጎማ ሆድ ቀዳች፤
«እይ» አለች።

አየሁ።
የክር ቁራጭ የመሰሉ፣ ራሳቸውን የዘቀዘቁ፣
ጥላዬ ሲያርፍባቸው እየተወራጩ የሚጠልቁ።
«ቢንቢ ናቸው፤ ክንፍ ያላወጡ።
አጎበር ለሌሊቷ ነው። የነዚህ እናት ግን
እግሯ ዝንጉርጉር፣ የቀን ሠራተኛ ናት፤
ማለዳ ትገባለች፣ ሲመሽ ትወጣለች፣ እንዳንተው።
ልጁን የነከሰችው አጠገብህ ነው፣
በሥራ ሰዓት።»
የበሽታውንም ስም ነገረችኝ፤ በአፌ አልያዝ አለኝ።

ልቆጣ ነበር። ቱቦውን ላሳያት፣
ጎረቤቱን፣ ጋሪውን፣ ማዘጋጃውን ልከስላት፤
አፌን ከፍቼ
ሳፋዬን አየሁት።
ሃያ ዓመት ቀዳዳ በውኃ ስፈልግ የኖርኩ ሰው
ውኃው ከጀርባዬ ቆሞ እኔኑ ሲበሳ አላየሁም።

ከብየዳ ቤቱ መሰርሰሪያ ለመንኩ።
ሰባ ሁለት ጎማ፣ ከሥር ሦስት ሦስት።
የባጃጅ ልጆች አጥር ላይ ተንጠልጥለው ሳቁ፦
«ጎሚስታው ለየለት! ገበያ ሲጠፋ ራሱ ይበሳል!»
ጥቁሩ ውኃ ወጣ፣ እየተንዶቀዶቀ፣
ቱቦው ጋ ሲደርስ
ቆመ።
አካፋ ያለው ሰው ተጣራሁ፤ ሁለት ሰው መጣ።
ከሳቁት አንዱም መጣ፣ አፍንጫውን ይዞ።
እስከ ፖስተኛው ቤት ድረስ ጠረግን፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አሁንም አለ።

ኦብሳ በአሥራ አንደኛው ቀን ተመለሰ፣
ሱሪው ሰፍቶት፣ ጉንጩ ጎድጉዶ።
የተበሱትን ጎማዎች አየ፤ ምንም አላለም።
ሸሚዙን ከፍ አድርጎ ቀበቶውን አሳየኝ፦
ሁለት አዲስ ቀዳዳ፣ በምስማር የተበሳ።

«ጋሼ፣ ይኼንንስ በስንት ትደፍነዋለህ?»